የተጠራጣሪው አናጺ ጥፍር

አንድ ጓንጉል የሚባል ተጠራጣሪ አናጺ ነበር። ጣውላ ሲገዛ ሻጩ ፊት ይለካል፤ ቤቱ ገብቶ ደግሞ ይለካል። መጋዙን ለማንም አያውስም።

ከዕለታት በአንዱ በግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ፣ ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጋ ጥቁር መስመር ታየ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ሚስቱ ብርቄ።

«መዶሻ መትቶኝ ይሆናል።»

«መቼ?»

«አናጺ መዶሻ መቼ እንደመታው ይጠየቃል?»

ወራት አለፉ። መስመሩ እየሰፋ ሄደ፤ ጥፍሩም ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ጓንጉል መዶሻውን ትቶ ጎረቤቱን ሽብሩን ጠረጠረ። ሽብሩም አናጺ ነው። «በሥራዬ ቀንቶ መድኃኒት አድርጎብኛል» እያለ ላገኘው ሁሉ አወራ። ሰዉ ሽብሩን መሸሽ ጀመረ፤ በር የሚያሠራውም ጠፋ።

ብርቄ ግን ለምናም ተቆጥታም ባሏን ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ጣቱን አገላብጣ አየች።

«በእኛ በጥቁሮች ጥፍር ላይ እንዲህ ያለ መስመር ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም» አለች። «የእርስዎ ግን በአንድ ጣት ብቻ ወጥቶ እየሰፋ ነው። የምት ደም ቢሆን ኖሮ ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወደ ጫፍ ይወጣ ነበር። ይኸው ይዩት፣ ጥቁሩ ከጥፍሩ አልፎ ቆዳውን ይዟል። ከሥሩ ናሙና ወስደን እንመርምረው።»

ጓንጉል እጁን ሰበሰበ። «ጣቴን መለማመጃ ልታደርጉት ነው?»

«እኔም እንደ እርስዎ ተጠራጣሪ ነኝ» አለች ሐኪሟ። «ካንሰር እንዳይሆን እፈራለሁ። ሳይመረመር ግን ነው አልልም፤ አይደለም ብዬም አልሸኝዎትም።»

ጓንጉል ዞር ብሎ ብርቄን አያት። ታለቅስ ነበር። እጁን መልሶ ዘረጋ።

ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ወደ ሌላው አካሉ ሳይሰራጭ ስለተደረሰበት፣ የአውራ ጣቱ ጫፍ ተቆርጦ ነፍሱ ተረፈች።

ቁስሉ ሲሽርለት ጓንጉል ወደ ሽብሩ ደጅ ሄደ። «ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ» አለው።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለው ሽብሩ። «የአንተን ጣት መርምረው ነው የቆረጡት። የእኔን ስም ግን አንተ ሳትመረምር ቆረጥኸው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እውነት ነው። በሰውነታችን ላይ የወጣን እንግዳ ምልክት ጠርጥረን ቶሎ ማሳየት ነፍስ ያድናል። ጠርጥሮ የሚጠይቅ ይድናል፤ ጠርጥሮ የሚፈርድ ግን ሌላውን ይገድላል። እርስዎስ ዛሬ በልብዎ የያዙትን ጥርጣሬ ጠይቀውበታል ወይስ ፈርደውበታል?