የኮርቻ ሰፊው መንጋጋ

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እሳሳታለሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው፤ እሱንም በግድ ነው የጨረስኩት። ይቅርታ እያደረጋችሁልኝ አንብቡት።

አንድ ቢተው የሚባል ኮርቻ ሰፊ ነበር። ጠፍሩን በቀዳዳው ካሳለፈ በኋላ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ ይስበዋል። ስፌቱ የማይላላው ለዚህ ነው እየተባለ ይመሰገን ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ከጆሮው ሥር መንጋጋው ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ ቆይቶም ያዘው። አፉ ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት አለ። ቢተው አጥሚት እየጠጣ ዝም አለ።

ታናሽ እህቱ አትጠገብ ልጇን ስትድር፣ በሰው ሁሉ ፊት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ፣ «በሞቴ፣ ጋሼ» አለችው። አፉን ሊከፍት ሞከረ፤ እንደ ጦር ወጋው። ፊቱን አዞረ። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

አንድ አሽሙረኛ፣ «እሱ የለመደው ጠፍር ነው፤ ሥጋ አይስማማውም» አለና ሰው ሳቀ። አትጠገብ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጁን አልረገጠችም። ጎረቤቱም ኩሩ ነው እያለ ለድግስ መጥራቱን ተወው። ቢተው ሲሰፋ እየዋለ፣ ማታ ማታ ብቻውን አጥሚቱን እየጠጣ ስድስት ዓመት ኖረ።

አንድ ቀን ኮርቻ ሊያሠራ የመጣ ሐኪም፣ ቢተው ሲናገር መንጋጋው ወደ ጎን እንደሚሄድ አየ። ወደ ሕክምና ቤቱ ወሰደው። ቢላ አላነሳም። ከጆሮው ፊት ማደንዘዣ ወጋው፤ በቀጫጭን መርፌዎች መገጣጠሚያውን አጠበለት፤ ሕመሙን የሚያበርድ መድኃኒትም ጨመረበት። ከእንግዲህ ጠፍሩን በጉጠት እንዲስብ አስጠንቅቆ ሸኘው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አፉ ሦስት ጣት ተከፈተ። ቢተው ደስ ብሎት ማዕዱ ፊት ተቀመጠ። የሚያጎርሰው ግን አልነበረም።

በመጨረሻ እህቱ ቤት ሄደ። ያን ጊዜ የተዳረችው ልጅ የወለደቻት ሕፃን በሩን ከፍታ፣ «እማማ፣ የማላውቀው ሰው መጥቷል» አለች።

አትጠገብ ስትወጣ ቢተው እንደቆመ፣ «በሠርጉ ቀን አሞኝ ነበር። አፌ አልከፈት ብሎኝ ነው» አላት።

እሷም፣ «አሞኛል ለማለት ስንት ጣት ይፈልጋል፣ ጋሼ?» አለችው።

ወደ ማዕዱ አስገብታ አስቀመጠችው። ለሕፃን የምትሆን ትንሽ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችው። እያለቀሰ ቀስ ብሎ አኘካት። እሷም «አንድ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች።

ጉርሻ ለመቀበል አፍ በሰፊው መከፈት አለበት፤ «አሞኛል» ለማለት ግን ጠባብ ክፍተት ይበቃል። ሰው ያልተነገረውን ሕመም ኩራት ይለዋል። እናንተስ ዝም ያላችሁት ሕመም የለም?

እኔ ለማንም ያልነገርኩት አለ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ጓደኞቼ ምሳ ሲበሉ «በልቻለሁ» እያልኩ ከዛፉ ሥር ብቻዬን የምቀመጠው በልቼ አልነበረም። መንጋጋዬን ያመኛል።