የምድር ቤቱ ድርሻ

አንድ ሰው ነበረ። ጋሽ መንበሩ፣ ትናንት ከለቀስተኛው መሀል «ልጅ የሞተበት አንተ ብቻ ነህ? ስለ ምን አትጽናናም?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሴ የዚህ ሰው ነገር ነው።

ሰውየው በፈረንሳይ አገር የታወቀ የሻምፓኝ ወይን መጥመቂያ ቤት ባለቤት ነበረ። ቤቱን ያቆመው የአያቱ አያት ነው። ወይኑ በጠርሙስ ታሽጎ፣ ከኖራ ድንጋይ ተፈልፍሎ በተሠራ ምድር ቤት ለዓመታት ይተኛል። እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ይፈላል። አተላው ወደ አንገቱ እንዲወርድ ሠራተኞች እያንዳንዱን ጠርሙስ በየቀኑ በእጃቸው ጥቂት ጥቂት ያዞሩታል። የታፈነው አየር ሲበረታ አንዳንዱ ይፈነዳል፤ ስባሪው እንደ ጥይት ይወረወራል።

ከደረጃው አናት ላይ የሽቦ ጭምብል ተሰቅሏል። ጭምብሉ ለባለቤቱና ለእንግዶቹ ነው። ጠርሙስ የሚያዞሩት ፊታቸውን አይሸፍኑም። «አተላ የሚለየው በባዶ ዓይን ነው፤ የቤታችን ወግ ነው» ይላል ባለቤቱ። እንግዶቹም ወጉን ያደንቃሉ።

አንድ ቀን አንድ ጠርሙስ ፈነዳና የሚያዞረውን ወጣት አንገቱን ቆረጠው። እዚያው ሞተ። አባቱም የዚያው ቤት ሠራተኛ ነበር።

ባለቤቱ ከወይኑ ሁሉ ምርጡን ይዞ ለቅሶ ደረሰ። «አይዞህ» አለው አባትየውን። «ያለ ነገር ነው። ምድር ቤቱ በየዓመቱ ድርሻውን ይወስዳል። በአያቶቼም ጊዜ እንዲሁ ነበር።»

አባትየው ጠርሙሱን አልተቀበለም። «ጌታዬ፣ ልጄ የወደቀበትን ላሳይዎት» ብሎ ይዞት ሄደ። ደረጃው አናት ላይ ሲደርሱ ባለቤቱ እጁን ወደ ጭምብሉ ሰደደ። አባትየው እጁን ያዘው።

«ይተዉት። የዘንድሮ ድርሻውን ወስዶ የለ?»

ባለቤቱ ወደ ታች አየ። ጭምብሉን አየ። አልወረደም።

«እንግዲያው ያውቁ ነበር» አለው አባትየው።

ጋሽ መንበሩ፣ ያ ባለቤት እርስዎ ነዎት። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆነው፣ ልጄን ወደ ትምህርት ቤት ሲሻገር ሙላት ቢወስደው «ወንዙ በየዓመቱ አንድ ልጅ ይወስዳል፤ ከጥንትም እንዲህ ነው» አሉኝ። የልጅ ልጅዎ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ይማር ነበር። ዝናብ ሲጥል ግን በመኪናዎ በላይኛው መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው። ይደግልዎት፤ ለእሱ ክፉ አልመኝም። ወንዙ ድርሻ ካለው ግን፣ ሁልጊዜ ከእግረኛው ልጅ ብቻ የሚወስደው ስለ ምን ነው? እርስዎም ያውቁ ነበር። ለእግር ድልድይ ብለን ያዋጣነውን ግንድ በቀበሌው ጓሮ ምስጥ እየበላው ነው። «ይቆይ» ያሉት እርስዎ ነዎት።

ጽናቱን ይስጥህ አይበሉኝ። ሰው ይዘዙና ግንዱን ያስወጡ። ላይኛው አገር ሲዘንብ ነው የዋለው፤ ነገ ጠዋት ልጆቹ ትምህርት አላቸው።