ስድስት መቶው ጥያቄ የት ቀረ?

አንድ ቁጡ ዋና ዳይሬክተር የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር እፈትናለሁ ብሎ ከአሮጌ ላፕቶፑ አንድ ሺህ ጥያቄ በአንዴ ላከ። ለስድስት መቶው «መልሱ ዘግይቷል» የሚል ጽሑፍ መጣበት።

ሠላሳውንም ሠራተኛ ቢሮው ሰበሰበና የሰርቨሩን ባለሙያ፣ «ሰርቨርሽ እንዳንቺው ተኝቷል! ቁልፉን አስረክበሽ ውጪ!» አላት።

ልጅቷ የሰርቨሩን መዝገብ አይታዋለች፤ የደረሱት አራት መቶ ጥያቄዎች ብቻ ሲሆኑ ሁሉም ወዲያው መልስ አግኝተዋል። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እሺ ጌታዬ፤ ብቻ እርስዎ አስር እስኪቆጥሩ ሠላሳውም ሰው ኮሪደር ላይ ጨብጦ ይሰናበተኝ» አለችና ወጣች።

ዳይሬክተሩ ደስ ብሎት ቆጠረ። ሠራተኛው ጠባቧ በር ላይ ተጋፍቶ ተሰነቀረ፤ አስር ሲሞላ የጨበጧት አራት ነበሩ።

«ሌሎቹን ለምን አልጨበጥሽም?» ብሎ ዳይሬክተሩ ጮኸ።

«የደረሱኝን ሁሉ ጨብጫለሁ፤ የቀሩት ገና ከእርስዎ ቢሮ አልወጡም። ስድስት መቶው ጥያቄም ከላፕቶፕዎ አልወጣም። ታዲያ የተኛሁት እኔ ነኝ?»