ውሃ የማያጥበው ግራሶ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንድ ሰው ለጀልባው ትንሽ ግራሶ ፍለጋ ወጥቶ ምን እንደገጠመው ልንገራችሁ።

ጣና ዳር፣ ቁንዝላ ላይ፣ እንየው የሚባል ጀልባ ነጂ ነበር። ጀልባው ጠባብ፣ ሞተሯም ያረጀ ነው፤ እሱ ግን እንደ ልጅ ያቆላምጣታል። አንዲት ሴት ልጁ፣ አትጠገብ፣ ደቅ ደሴት ተድራለች። እሷም ሴት ልጅ ወልዳ የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ደረሰ። ክርስትናው ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው። አትጠገብ በስልክ፣ «አባዬ፣ እዚህ የኔ የምለው ዘመድ የለኝም። እናንተ ካልመጣችሁ ከማን ጋር ነው ቤተ ክርስቲያን የምሄደው?» አለችው። እንየውም፣ «እንመጣለን፣ የኔ ዓለም» ብሎ ቃል ገባ።

በማግስቱ ሚስቱ ትሁኔ ድፎ ዳቦዋን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ የሕፃኗን ቀሚስ በፌስታል ይዛ ሐይቁ ዳር ስትደርስ፣ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ተጎትታ ወጥታለች። እንየው ከኋላዋ ተንበርክኮ ውሃ የሚገፋውን ፕሮፔለር በእጁ ያዞራል። ፕሮፔለሩ ሲጥ ይልና ይቆማል።

«ምን ሆነብህ?» አለች።

«ዘንጉ ደርቋል። መጀመሪያ ሞራ ቀባሁት፣ ሳምንት አልቆየም። ቀጥዬ የመኪና ግራሶ ቀባሁት፣ እሱም ውሃ ሲነካው እንደ ወተት ነጥቶ ታጥቦ ሄደ። ውሃ ውስጥ የሚውል ነገር ውሃ የማያጥበው ግራሶ ነው የሚፈልገው።»

«እንዲሁ ብንሄድስ?»

«መሀል ሐይቅ ላይ ዘንጉ ይነክስና ቀጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ እዚያ ቆሞ መገኘት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ትሁኔ ታውቃለች። «በል ቶሎ ፈልገህ ና። ከሰባት ሰዓት ማለፍ የለብንም» ብላ በጀልባዋ ጥላ ሥር ተቀመጠች።

ፕሮፔለሩ አልዞር፣ ጀልባዋ አልሄድ አለች። እንየው ወደ መካኒኩ ወደ ይርሳው ጋራዥ ገሠገሠ።

«ግራሶውስ አለኝ፣ አያ እንየው» አለ ይርሳው። «ለጀልባ የሚሆነው አንድ ጣሳ ቀርቶኛል። ግን እስቲ የት እንዳለ እይልኝ።» ጣሳው መኪና የሚጠገንበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ጎማው ተንፍሶ ተኝቶበታል።

«ታዲያ አንሳዋ!»

«በምን ላንሳው? መኪና ማንሻዬን፣ ክሪኬን፣ እትዬ ደብሬ ለወፍጮዋ ወስዳዋለች።»

መኪናው አልነሳ፣ ግራሶው አልወጣ፣ ፕሮፔለሩ አልዞር፣ ጀልባዋ አልሄድ አለች። እንየው ወደ ወፍጮ ቤት ሮጠ።

ደብሬ ዱቄት የለበሰ ሻሿን እያራገፈች ወጣች። ወፍጮው ዝም ብሏል፤ ሞተሩ ክሪኩ ላይ ተንጋሏል።

«እትዬ ደብሬ፣ እባክሽ ክሪኩን ልቀቂልኝ። ክሪኩ ከተለቀቀ መኪናው ይነሳል፣ መኪናው ከተነሳ ግራሶው ይወጣል፣ ግራሶው ከወጣ ፕሮፔለሩ ይዞራል፣ ፕሮፔለሩ ከዞረ የልጅ ልጄን አያለሁ።»

«እሰይ! ማርያም ታሳድግልህ» አለች ደብሬ ደረቷን ይዛ። «ግን እንዴት አድርጌ? አሁን ባወጣው ሞተሩ እግሬ ላይ ይወድቃል። ሞተሩን የሚያስረው ችንጋ፣ ጠፍሩ፣ ተበጥሶብኝ ጫማ ሰፊው ጓዴ ጋ ነው። ችንጋውን አምጣልኝና ሞተሩን መቀመጫው ላይ አስሬ፣ ክሪኩን በደስታ እሰጥሃለሁ።»

ክሪኩ አልለቀቅ፣ መኪናው አልነሳ፣ ግራሶው አልወጣ፣ ፕሮፔለሩ አልዞር፣ ጀልባዋ አልሄድ አለች። እንየው ላቡን በእጅጌው እየጠረገ ጓዴ ጋ ደረሰ።

ጓዴ የተበጠሰውን ችንጋ ጭኑ ላይ አጋድሞ መርፌውን በጥርሱ ይዟል። «ወስፌ አለ፣ መርፌ አለ፣ ጉልበትም አለ» አለው። «ክር ነው የሌለኝ። የጫማ ክር ይህን አይችልም። የመረብ ክር ስጠኝና አሁኑኑ እሰፋዋለሁ።»

«የመረብ ክር ከማን አገኛለሁ?»

«ከስመኘው ነዋ! ሌላ ማን አለ?»

እንየው ፊቱ ልውጥ አለ። «ከስመኘው ሌላ የለም?»

«የለም» አለ ጓዴ፣ ቀና ብሎም አላየው።

ክሩ አልገኝ፣ ችንጋው አልሰፋ፣ ክሪኩ አልለቀቅ፣ መኪናው አልነሳ፣ ግራሶው አልወጣ፣ ፕሮፔለሩ አልዞር፣ ጀልባዋ አልሄድ አለች። እንየው አሁን አልሮጠም። እግሩን እየጎተተ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስመኘውና እንየው አብረው ዋና የተማሩ፣ አብረው ዓሣ ያጠመዱ ጓደኛሞች ናቸው። ከሰባት ወር በፊት ግን የእንየው ፕሮፔለር የስመኘውን መረብ በጫጭቆት አለፈ። እንየው አይቷል። ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ አለ፤ ነገው ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዱ ወደ ሐይቁ፣ ሌላው ወደ ተራራው ያያል።

ስመኘው ዋንዛ ሥር ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። እንየው ከሩቅ ቆመና የመጣበትን ተናገረ።

«ክር አለኝ» አለ ስመኘው። «ለጓዴ እሰጣለሁ፤ ለደብሬ እሰጣለሁ። ለአንተ ግን አልሰጥም።»

«ስለ መረቡ ነው?»

«መረቡንስ ጠገንኩት። እኔ የጠበቅኩት አንተን ነበር። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ ስንት ቀን ደጅ ደጁን ሳይ ዋልኩ መሰለህ?»

ስመኘው አልሰጥ፣ ክሩ አልገኝ፣ ችንጋው አልሰፋ፣ ክሪኩ አልለቀቅ፣ መኪናው አልነሳ፣ ግራሶው አልወጣ፣ ፕሮፔለሩ አልዞር፣ ጀልባዋ አልሄድ አለች። ከዚህ ወዲያ የሚሮጥበት ሌላ ቤት የለም።

እንየው ኮፍያውን አወለቀ። «አይቼዋለሁ፣ ስመኘው። ሲበጠስ አይቼዋለሁ። አፍሬ ነው ያልመጣሁት፤ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ እፍረቱ ባሰብኝ። ክሩን ብትሰጠኝም ባትሰጠኝም፣ ይቅር በለኝ» አለና ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ።

ስመኘው ትከሻውን ይዞ አነሳው። ዓይኑ እርጥብ ብሏል። «አንተ ደንቆሮ፣ ለዚህች ለሁለት ቃል ሰባት ወር? ይቅር ለእግዚአብሔር!» አለና የክሩን ጥቅል እጁ ላይ አኖረለት።

ስመኘው ሰጠ፣ ክሩ ተገኘ፤ ክሩ ሲገኝ ችንጋው ተሰፋ፣ ችንጋው ሲሰፋ ክሪኩ ተለቀቀ፣ ክሪኩ ሲለቀቅ መኪናው ተነሳ። ይርሳው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ግን በአንዱ እጁ አንድ፣ በሌላው እጁ ሌላ ጣሳ ይዟል። ሁለቱም ላይ የነበረው ጽሑፍ ተልጧል፤ ውስጣቸው ያለውም ሁለቱም ሰማያዊ ነው።

«አንዱ የመኪና ነው፣ አንዱ የጀልባ» አለ አንገቱን እያከከ። «የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን እኔ እንጃ።»

ሁለቱንም ይዘው ወደ ሐይቁ ሮጡ። ትሁኔ ነገሩን ሰማችና፣ «ወዲህ በሉት፤ ውሃው ራሱ ይለየዋል» አለች። ከአንዱ ጣሳ በግራ መዳፏ፣ ከሌላው በቀኟ አደረገች። እጆቿን ሐይቁ ውስጥ ነክራ ሁለቱንም በአውራ ጣቶቿ አሸች። የግራው ነጣ፣ እንደ አሬራ ቀጠነና ከውሃው ጋር ሄደ። የቀኙ ንቅንቅ አላለም፤ ውሃው በላዩ እየተንከባለለ ወረደ።

«ይኸው!» ብላ መዳፏን ወደ ላይ ከፍ አደረገች።

እንየው አሮጌውን ግራሶ በናፍጣና በጨርቅ ጥርግ አድርጎ፣ አዲሱን በእርጋታ ቀባ። ግራሶው ሲገባ ፕሮፔለሩ ዞረ፣ ፕሮፔለሩ ሲዞር ጀልባዋ ሄደች። ስመኘው ማንም ሳይጠራው ዘሎ ገባ። «የልጅ ልጅህን ሳላይ ልቀርልህ ነው?» አለ፤ እንየውም ሳቀና ቦታ ለቀቀለት።

ደቅ ሲደርሱ ነፋሱ ገና መነሳቱ ነበር። አትጠገብ ሕፃኗን ታቅፋ ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ ትጠብቃለች። እናቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ቀጥላም ሕፃኗን አባቷ ክንድ ላይ አስቀመጠች። እንየው ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት፤ ሕፃኗም አንድ ጊዜ አዛግታ ተኛች።

እኔም እንየውን ደቅ አደረስኩት፤ እናንተም በደህና ቤታችሁ ግቡ።