ሚካኤል የከለለው ቁጥር

ተረት ተረት ስል የላም በረት ለምትሉኝ፣ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። ያለው ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ስር፣ መብራት የሄደበት አንድ ቤት ነው።

በዚያ ቤት ትርንጎና ባሏ ወልደየስ ይኖራሉ። የወልደየስ ሳንባ ደክሟል፤ የሚተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው፣ ማሽኑ ደግሞ የሚሠራው በመብራት ነው። ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው ቆርቆሮውን ደበደበው፣ የመብራት ምሰሶ ወደቀ፣ ማሽኑ ጭጭ አለ። ትርንጎ ለክፉ ቀን ያስቀመጠቻትን የኦክስጅን ሲሊንደር ከፈተችለት። ሲሊንደሯ ከጥቂት ሰዓት በላይ አታደርስም። "አይዞህ ወልዴ፣ ጄኔሬተር ይዤ መጣሁ" አለችው።

ከመንገዱ ማዶ ወደ መኮያ ሱቅ ሮጠች።

"መኮያ፣ ጄኔሬተር ስጠኝ።"

"እትዬ ትርንጎ፣ የማሽኑን ዋት ሳላውቅ አልሰጥም። ያነሰ ብሰጥሽ ማሽኑን ያቃጥልብሻል።"

"እንግዲያው ትልቁን ስጠኛ።"

"ትልቁንማ አራት ሰው ተሸክሞ ነው ያስገባው። በዚህ ጎርፍ ማን ያደርስልሻል?"

ዋት ካልታወቀ መኮያ አይሰጥ፤ መኮያ ካልሰጠ ጄኔሬተር የለ፤ ጄኔሬተር ከሌለ ማሽኑ አይነሳ፤ ማሽኑ ካልተነሳ ወልደየስ አይተነፍስ። ትርንጎ ከሱቁ ጀርባ ወደሚኖረው ወደ ኤሌክትሪሻኑ እንድሪስ ሄደች።

"እንድሪስ ወንድሜ፣ የማሽናችን ዋት ስንት ነው?"

"በግምት አልናገርም፣ የሰው ነፍስ ነው። ጽሑፉ ከጀርባው አለ፣ ነይ እንየው።"

ሲገቡ የሲሊንደሯ መለኪያ ቀስት ከግማሽ በታች ወርዷል። እንድሪስ ማሽኑን አዞረው። በጀርባው ላይ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ቆሟል።

"ይሄን ማን ለጠፈው?"

"እኔ ነኛ። ከሆስፒታል በወጣ ቀን፣ ሚካኤል ጀርባውን ይጠብቅለት ብዬ።"

"ጽሑፉ ላይ እኮ ነው የለጠፍሽው።"

"ምን አውቄ፣ እኔማ ከቁጥሩ መልአኩ ይሻላል ብዬ።"

"በምን ለጠፍሽው?"

"በኮላ። እንዳይወድቅ ብዬ ሙሉውን ጨረስኩበት።"

እንድሪስ ጥጉን በጥፍሩ ሲነካካው የመልአኩ ክንፍ ጫፍ ተቀደደ። እጁን ሰበሰበ። "እኔ አልልጥም። እንድሪስ ሚካኤልን ቀደደ ቢባል ሰፈሩ ምን ይለኛል? ራስሽ ላጪው።"

ትርንጎ እጇን ዘረጋችና መለሰችው። "በዛሬ ቀን ሚካኤልን ቀድጄ ወልዴን ለማን አደራ ልስጥ? የነፍስ አባቴ መምሬ ጥበቡ ካልፈቱኝ አልነካውም።"

"እንግዲያው ሩጪ። እኔ አጠገቡ ነኝ።"

መምሬ ጥበቡ ካልፈቱ ትርንጎ አትልጥ፤ ትርንጎ ካልላጠች ጽሑፉ አይታይ፤ ጽሑፉ ካልታየ እንድሪስ አይናገር፤ እንድሪስ ካልተናገረ መኮያ አይሰጥ፤ መኮያ ካልሰጠ ጄኔሬተር የለ፤ ጄኔሬተር ከሌለ ማሽኑ አይነሳ፤ ማሽኑ ካልተነሳ ወልደየስ አይተነፍስ። ስልክ እንዳትደውል ኔትወርኩም ከመብራቱ ጋር ሄዷል።

የመምሬ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዙ መሻገሪያውን ግንድ ጠራርጎ ወስዶታል። ድንጋይ ያንከባልላል፣ አጥር ይዞ ይወርዳል። ትርንጎ አንድ እግሯን አስገባችና ውሃው ሊጥላት ሲል ወደ ኋላ ዘለለች። ያን ጊዜ እውነተኛ ፍርሃት ያዛት፤ እሷ እዚህ ቆማ እሱ እዚያ እንዳያልፍ ፈራች።

ዝናቡ ካላባራ ወንዙ አይጎድል፤ ወንዙ ካልጎደለ መምሬ አይመጡ፤ መምሬ ካልመጡ ትርንጎ አትልጥ፤ ትርንጎ ካልላጠች ጽሑፉ አይታይ፤ ጽሑፉ ካልታየ እንድሪስ አይናገር፤ እንድሪስ ካልተናገረ መኮያ አይሰጥ፤ መኮያ ካልሰጠ ጄኔሬተር የለ፤ ጄኔሬተር ከሌለ ማሽኑ አይነሳ፤ ማሽኑ ካልተነሳ ወልደየስ አይተነፍስ። ዝናቡማ ጭራሽ ባሰበት።

መምሬ ጥበቡ በረንዳቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው አየቻቸው። ጮኸች። ስለ ስዕሉ ነገረቻቸው፣ ስለ ኮላው ነገረቻቸው፣ ስለ ዋቱም ነገረቻቸው። ወንዙ ሁሉንም ዋጠው። መምሬ አንዲት ቃል አልሰሙም፤ ያዩት በዝናብ የራሰች፣ እጇን አጣምራ የምታለቅስ ሴት ነው። መብረቁ አስፈርቷት ኃጢአቷን ልትናዘዝ የመጣች መሰላቸው። መስቀላቸውን አወጡና፣ በዚያ ሠላሳ ዓመት በቀደሰ ጉሮሯቸው፣ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሏት።

ትርንጎ ይህን ብቻ ሰማች፤ የፈለገችውም ይህንኑ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሮጠች።

የመለኪያዋ ቀስት ቀዩን መስመር ነክታለች። የወልደየስ ከንፈር ጠቁሯል። ትርንጎ "ይቅር በለኝ" እያለች ላጠች፤ ስዕሉ ለሁለት ተቀደደ።

"ሦስት መቶ ሃምሳ" አለ እንድሪስ፣ "ትንሹ ይበቃል" እያለም ወጣ።

መምሬ ፈቱ፤ ትርንጎ ላጠች፤ ጽሑፉ ታየ፤ እንድሪስ ተናገረ፤ መኮያም ትንሹን ጄኔሬተር ከነቤንዚኑ ራሱ ተሸክሞ መጣ። ጭሱ እንዳይገባ ከቤት ራቅ አድርገው፣ ከጎረቤት ዳስ ስር አስቀመጡት። እንድሪስ ገመዱን ሳበ፤ አልነሳም አለ። ደግሞ ሳበ፤ አሁንም አልነሳም አለ። ትርንጎ የባሏን እጅ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። በሦስተኛው ተነሳ፤ ማሽኑም ተነሳ።

ቆይቶ የወልደየስ ደረት ከፍ ዝቅ አለ፣ ዓይኑንም ገለጠ።

"ይሄ ደግሞ ምን ያንባርቃል" አለ በቀጭን ድምፅ። "ዝም አስብሉት፣ ልተኛ።"

"ያንባርቅ ወልዴ፣ ያንባርቅ" አለችና ትርንጎ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

እኔ ተረቴን ቋጠርኳት፤ የሰማ ይፍታት።