የቀኛዝማች ልየው ይሉኝታ

ለአዲስ ሥራ ተጠርቶ «ስንት ይከፈልህ?» ሲባል «እናንተ እንዳላችሁ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ለሚወጣ ሰው፣ አገሬው የሚወረውራት አንዲት አባባል አለች። አብዛኛው ሰው የሚጠቅሳት እንዲያው ለወጉ ነው። ከበስተኋላዋ ግን ጦር የማይፈሩ፣ ይሉኝታን ግን አጥብቀው የሚፈሩ አንድ ሰው አሉ፤ ቀኛዝማች ልየው ይባላሉ።

ቀኛዝማች ለአንድ ጌታ አሥራ ሁለት ዓመት አድረዋል። በዚያ ዘመን ደመወዝ ማለት ሹመትና ማደሪያ መሬት ነው፤ ለእሳቸው የደረሳቸው ማደሪያ ደግሞ ድንጋይ የበዛበት ተዳፋት ነበር። ከዚያች ላይ አርባ ወታደር ያበላሉ። የጎደለውን የሚሞላው የባለቤታቸው የወይዘሮ የውብዳር ርስት ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ግን እሱም አላፈራም፤ ጎተራው ባዶውን ቀረ፣ ወታደሮቹም አንድ ሁለት እያሉ መክዳት ጀመሩ።

በዚህ መሐል ወንዝ ማዶ ያለውን አገር የሚገዙት ራስ አስናቀ መልእክት ላኩባቸው። ጠላት የሚገባበት መተላለፊያ፣ የቆላው በር፣ ጠባቂ አጥቷልና መጥተው እንዲያድሩላቸው፣ ስለ ዋጋውም ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ የሚል ነው።

በቅሎዋ ስትጫን ወይዘሮ የውብዳር አጠገባቸው ቆመው ነበር። ከዚህ በፊት ያን በር ይጠብቅ የነበረው ሰው ደጃዝማች እንደነበረ፣ ሦስት ወረዳም ይገዛ እንደነበረ አስታወሷቸው።

«ምን ላድርግልህ ሲሉዎት ሳያፍሩ ይንገሯቸው» አሉ። «ወታደሩን የማበላበት እህል እኔ ዘንድ የለም፤ ይኸው ጎተራውን ያዩታል።»

ቀኛዝማችም መንገዱን ሁሉ የሚሉትን በልባቸው ሲያጠኑ ሄዱ። ዳገቱ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቢሞክሩት አማረላቸው። የሚሰማቸው ግን በቅሎዋ ብቻ ነበረች።

ራስ አስናቀ ግብር አብልተው ሲያበቁ፣ ሹማምንቱ ሁሉ ባሉበት ጠሯቸውና «ልየው፣ ምን ላድርግልህ?» አሏቸው።

ቀኛዝማች ባደጉበት አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደ ማዕድ ነው። መጀመሪያ «በቃኝ» ይባላል፤ ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፤ እንደገና «በቃኝ» ይባላል፤ በሦስተኛው አፍ ይከፈታል። የቀድሞ ጌታቸውም ሁልጊዜ ሦስቴ ነበር የሚጠይቋቸው። ስለዚህ እጅ ነሡና፣ «ጌታዬ፣ ፊትዎን ማየቴ ይበቃኛል» አሉ።

ራስ አስናቀ በጦር ሰፈር ያደጉ ሰው ናቸው። ቃልን እንደተነገረ ይወስዳሉ። «በእርግጥ ይበቃሃል?» አሏቸው።

ቀኛዝማች ደስ አላቸው፤ ነገሩ በወጉ እየሄደ መሰላቸው። «ከሞገስዎ ሌላ ምን እሻለሁ» ብለው አጎነበሱ። የሚናገሩት ነገር ጥርሳቸው ላይ ደርሶ ነበር። ሦስተኛው ጥያቄ ግን አልመጣም።

ራስ ፊታቸውን ከሹማምንቱ መሐል ወደ ተቀመጡት ወደ ግራዝማች ሽበሽ አዞሩና ያንኑ ጠየቋቸው። ግራዝማች በማዕረግም በቁመትም ከቀኛዝማች ያንሳሉ፤ አፋቸው ግን አያንስም።

«ደጃዝማችነቱንና ሦስቱን ወረዳ ይስጡኝ፣ ጌታዬ» አሉ። «ያለዚያ ወታደሬ አይበላም፤ ያልበላ ደግሞ በር አይጠብቅም።»

ራስ ሳቁ። «ይሁንልህ» ብለው ካባ አስመጡ። ግራዝማች ሲደርቡት ጫፉ መሬት ለመሬት ተጎተተ፤ ሁለት ሰው ከኋላ ካልያዘላቸው መራመድ አቃታቸው። ቀኛዝማች ልየውም ማዕረጋቸው ባለበት ጸንቶ ከአንድ ጋሻ መሬት ማደሪያ ጋር እንዲያድሩ ተነገረ። ተነሥተው ሊናገሩ ፈለጉ፤ ሰው በተሸለመበት አፍታ ለገዛ ጥቅም መለመን ነውር ሆነባቸውና ተቀመጡ። ሞኝ አልነበሩም፤ ያሳደጋቸው ጨዋነት ነው የያዛቸው።

ሲወጡ የቤቱ አዛዥ፣ ሽማግሌው አዛዥ ድንቁ፣ ግቢው ውስጥ አገኟቸው።

«አባቴ፣ ራስ ለሦስተኛ ጊዜ ለምን አልጠየቁኝም?» አሉ ቀኛዝማች።

አዛዥ አዘኑላቸው። ቀድሞ ራስ አንድ የሚወዱት አሽከር እንደነበራቸው አጫወቷቸው። ያ ሰው ምን ላድርግልህ በተባለ ቁጥር «ይበቃኛል» ይላል፤ ቅሬታውን ግን ሆዱ ውስጥ ሲያጠራቅም ኖሮ አንድ ቀን በሩን ለጠላት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ራስ የሚፈልገውን በአፉ ያልተናገረ ሰው በር ላይ አያቆሙም።

«ካባው በአንተ ቁመት ነው የተሰፋው» አሉ አዛዥ። «ሊጠሩህ የመጡት መልእክተኞች ናቸው የለኩህ፣ በዓይናቸው። ጌታዬ ከአፍህ እስኪሰሙት ነበር የቆዩት።»

ቀኛዝማች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሦስቱ ወረዳ አልነበረም ያስለቀሳቸው፤ ባዶው ጎተራ ፊት የቆሙት ሚስታቸው ናቸው።

«ለየውብዳር ምን ብዬ እነግራታለሁ?» አሉ።

አዛዥ ድንቁ ክንዳቸውን ያዙና እስከ በሩ አብረዋቸው ሄዱ። «የሆነውን ሳትደብቅ ንገራት» አሉ፤ «ነገም ሌላ ጌታ ይጠራህ ይሆናል፤ ያን ቀን ይቺን እንዳትረሳ፣ ልጄ፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።»