ባሕር ያላየው ወንዝ

አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ጋሽ ጉልላት ይባላሉ። የሚያስተምሩት አዋሽ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆቹን በአንድ ድምፅ እያስመለሱ አስተማሩ። "አዋሽ ከየት ይነሳል?" ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ጣራው እስኪነቃነቅ ይመልስላቸዋል፤ እሳቸውም ልጆቹ ያወቁ ይመስላቸው ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር መጣና አንዱን ልጅ ለብቻው አስነስቶ ያንኑ ጠየቀው። ልጁ ዞሮ ጓደኞቹን አየ። ሌላም አስነሳ፤ እሱም አላወቀውም።

"ጋሽ ጉልላት፣ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ" አለ ሱፐርቫይዘሩ። "ያኔም እንዲህ ከሆነ ክፍሉን ለሌላ መምህር እንሰጣለን። እርስዎ ወደ ንብረት ክፍል ይዛወራሉ።"

ጋሽ ጉልላት እንቅልፍ አጡ። እነዚያን ልጆች ይወዷቸው ነበር። በማግስቱ የወንዙን መንገድ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቀስ ብለው ተረኩላቸውና፣ "ዛሬ ማንም አይጮህም። እያንዳንዳችሁ አዋሽን ሆናችሁ ያያችሁትን ሣሉ፤ ከሥሩም ጻፉ" አሉ።

"ጋሼ፣ እግር አለኝ?" አለች ብርቄ የምትባል ትንሽ ልጅ።

"ካሻሽ ይኑርሽ።"

"ጫማስ?"

"ውሃ ጫማ ምን ያደርግለታል፣ አንቺ?"

ክፍሉ ሳቀ። ብርቄ ባለ ሁለት እግር ወንዝ ሣለች። ከሥሩም እንዲህ ጻፈች፦ "ጊንጪ አካባቢ ስነሳ ቀጭን ነበርኩ። ቆቃ ስደርስ ግድብ ያዘኝ፤ እዚያ ትንሽ ተኛሁ። ከዚያ ሸንኮራ አገዳው ጠጣኝ፣ ጥጡ ጠጣኝ፣ ግመሎቹም ጠጡኝ። ባሕሩን ሳላይ ደከመኝና አቤ ሐይቅ ገብቼ ቀረሁ።"

ጋሽ ጉልላት አንብበው ደስ አላቸው፤ ሥዕሉን ሲያዩ ግን ፈሩ። ያ ሰው እግር ያለው ወንዝ ቢያይ ምን ይላል? ላጲስ አወጡ።

"ጋሼ፣ እግሩን ካጠፉት በምን ይሄዳል?" አለች ብርቄ።

ጋሽ ጉልላት ላጲሱን ኪሳቸው ከተቱት።

ሱፐርቫይዘሩ በቀጠሮው መጣ። ብርቄን አስነሳና፣ "አዋሽ የሚገባው የትኛው ባሕር ነው?" አላት። ሆን ብሎ ሊያሳስታት ነበር።

"አልደረሰም እኮ" አለች።

"ማን?"

"አዋሽ። ደክሞት አቤ ሐይቅ ቀረ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ራሴ ሄጄ ነዋ።"

ሰውየው ደብተሯን ተቀብሎ ሥዕሉን አየ፤ ከሥሩ የጻፈችውንም አነበበ። ከዚያ ወደ አጠገቧ ልጅ ዞረና፣ "አንተስ? አንተን የት የት ጠጡህ?" አለው። ልጁ ተረከለት። ቀጣዩም ተረከ፤ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ መንገዱን ግን የሳተ አልነበረም። ደወል ሲደወል ሱፐርቫይዘሩ ከልጆቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ እንደተቀመጠ ነበር።

"ጋሽ ጉልላት፣ ልጆቹ የእርስዎ ናቸው" ብሎ ወጣ።

ልጅ ከሰው አፍ የተቀበለውን ከሰው ጋር ሲጮህ ያውቀዋል፤ ለብቻው ሲቆም ይጠፋበታል። በራሱ ሐሳብ የሄደበትን መንገድ ግን ማንም አይወስድበትም። እኛስ ልጆቻችን አንድ ላይ ሲመልሱልን ደስ ብሎን ከመቀመጥ በቀር፣ አንዱን ለብቻው "አንተ ምን አየህ?" ብለን የጠየቅነው መቼ ነው?